የሕግ ቢሮ ውስጥ ጀማሪ ሆኖ መስራት፦ የ2 አመት ሪቪው ከውስጥ

ሕግ ተመርቃችሁ የጥብቅና ድርጅት ለመግባት የምታስቡ ልጆች ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። ስልክ ላይ «ስራው እንዴት ነው?» ትሉኛላችሁ፣ እኔም «ጥሩ ነው ግን ይከብዳል» ብዬ እዘጋዋለሁ፣ ይሄ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። የገባሁበትን ድርጅት ስም አልጠራም። መካከለኛ የሚባል ነው፣ ወደ 40 ጠበቃ አለው፣ ግማሹ የውልና የካምፓኒ ስራ ይሰራል ግማሹ ክርክር ላይ ነው። እኔ ሁለቱም ጋር ተቀምጫለሁ፣ አሁን ልክ 2 አመት ሞላኝ። ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5 ሶስት ተኩል እሰጠዋለሁ። የሰጠሁትም የቀነስኩትም ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው በደሞዝና በስራ ብዛት አይደለም፣ ይበልጡን የጻፍኩትን ነገር ማን አነበበልኝ፣ አንብቦስ ምን አለኝ በሚለው ነው።

ሕግ ስንማር ያነበብነው ፍርድ ነው፣ የጻፍነው ፈተና ነው፣ ቆመን የተከራከርነውም ምስለ ችሎት ላይ ነው። ቢሮ ስትገቡ ግን መጀመሪያ እጃችሁ ላይ የሚወድቀው የሌላ ሰው ድራፍት ነው። ለኔ በሁለተኛው ቀን የደረሰኝ 94 ገጽ የአክሲዮን ሽያጭ ውል ነበር፣ «ዲፊኒሽኖቹንና ሪፈረንሶቹን እይልኝ፣ ለነገ ጠዋት» ተባልኩ፣ መመሪያው ይቺው ናት። ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ አፍሬ አንድ ሰአት አባከንኩ (እባካችሁ እናንተ ጠይቁ፣ ማንም ታውቃላችሁ ብሎ አይጠብቅም)። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ውሉ መጀመሪያ ላይ ትርጉም የተሰጣቸው ቃላት አሉ፣ «የመዝጊያ ቀን»፣ «ኩባንያው»፣ «ሚስጥራዊ መረጃ» ምናምን፣ እያንዳንዱ ቃል ውሉ ውስጥ በዛው ትርጉም መግባቱን፣ ትርጉም ተሰጥቶት የትም ያልገባ ቃል አለመኖሩን፣ «በአንቀጽ 11.2 መሰረት» በተባለበት ሁሉ እውነት 11.2 ላይ የተባለው ነገር መኖሩን አንድ በአንድ ታያላችሁ። እኔ ያኔ አንቀጽ 14.3 ላይ የካሳው ጣሪያ 11.2 ላይ እንደተጻፈው ነው ይላል፣ 11.2 ሄጄ ሳይ ማስታወቂያ በየትኛው አድራሻ ይላካል ነው የሚለው። ድርድር ላይ ሁለት ንኡስ አንቀጽ ተጨምሮ ጣሪያው ወደ 11.4 ወርዷል፣ ጠቋሚውን ያስተካከለ ሰው የለም። እንደዛ ተፈርሞ ቢሆን ሻጩ እስከ ስንት ነው የሚጠየቀው የሚለው ጥያቄ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ሊያደርስ ይችል ነበር። ያገኘሁት እኩለ ለሊት ሊሆን ሲል ነው፣ ድካሜ ጥፍት አለ።

ይሄን ስራ ብዙ ተመራቂ ይንቀዋል፣ «ለዚህ ነው እንዴ የተማርኩት» ይላል፣ እኔም የመጀመሪያ ወር ላይ ብዬዋለሁ። ግን የዚህ ሙያ ትልልቅ ጥፋቶች እዚችው ቦታ ላይ ነው የሚፈጠሩት። የመኪና አምራቹን የጄኔራል ሞተርስንና የባንኩን የጄፒ ሞርጋንን ጉዳይ ፈልጋችሁ አንብቡ። በ2008 ካምፓኒው አንድ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ብድር ከፍሎ ሊዘጋ ነው፣ ጠበቆቹ የመያዣ መሰረዣ ሰነዶችን እንዲያዘጋጁ ታዘዙ፣ መዝገብ ተፈልጎ ዝርዝር ሲወጣ ከዛ ብድር ጋር ምንም የማይገናኝ የሌላ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር መያዣም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ሰነዱ በካምፓኒውም በባንኩም ጠበቆች እጅ አለፈ፣ እንደውም የባንኩ ጠበቃ ጥሩ ተሰርቷል ብሎ ነው የመለሰው፣ ተመዘገበ። ማንም አላየም። በ2009 ካምፓኒው ኪሳራ ሲያስመዘግብ ነው ጉዱ የወጣው፣ በ2015 ደግሞ የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ባንኩ መያዣውን ለመሰረዝ ባያስብም ሰነዱ እንዲገባ ፈቅዷል፣ ስለዚህ መያዣው ተሰርዟል ብሎ ወሰነ። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው ዝርዝሩ ላይ ያለውን የመዝገብ ቁጥር ከፍቶ ቢያይ ያበቃ ነበር። ሜይን በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ደግሞ የወተት ድርጅት ሾፌሮች የትርፍ ሰአት ክፍያ ክስ በአንዲት ነጠላ ሰረዝ አለመኖር በ2017 ይግባኝ ላይ አሸነፉ፣ ሕጉ ትርፍ ሰአት የማይከፈልባቸውን ስራዎች ሲዘረዝር መጨረሻ ላይ ሰረዝ ስላላስገባ «ማከፋፈል» ለብቻው የቆመ ስራ ይሁን «ለማከፋፈል ማሸግ» ይሁን አልለይ ብሎ፣ በ2018 በ5 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ስለዚህ ሪፈረንስ ቼክ አድርጊ ስባል አሁን ቅር አይለኝም።

አሁን ወደ ታይምሺት (የስራ ሰአት መመዝገቢያው) ልምጣ፣ ምክንያቱም የማንም ተመራቂ ሕይወት የሚዞረው በሱ ነው። ቀኑን በ6 ደቂቃ ትከፋፍሉታላችሁ፣ 0.1 ማለት 6 ደቂቃ ነው፣ አንድ ሰአት 10 ቁራሽ አለው ማለት ነው። ኢሜይል አንብቦ መመለስ 0.2፣ ስልክ 0.3፣ ውል ማየት 2.4፣ እያንዳንዱ ላይ ለየትኛው ደንበኛ በየትኛው ፋይል ምን እንደሰራችሁ ትጽፋላችሁ። ነገሩ ጥንታዊ እንዳይመስላችሁ፣ የቦስተኑ ጠበቃ ሬጂናልድ ሂበር ስሚዝ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ነው፣ ያኔ አላማው ቢሮው እያንዳንዱ ስራ ምን ያህል እንደሚያስወጣው እንዲያውቅ ነበር። በ1958 የአሜሪካ ጠበቆች ማህበር ገቢያችሁ ከሀኪሞች ያነሰው ሰአት ስለማትመዘግቡ ነው የሚል ፓምፍሌት አወጣ፣ በአመት ወደ 1,300 የሚከፈልበት ሰአት ነበር እንደ ግብ ያስቀመጠው። በ1975 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ማህበራት የሚያወጡት ዝቅተኛ የክፍያ ተመን የውድድር ሕግ ይጥሳል ስላለ በሰአት ማስከፈል በጣም ተስፋፋ። አሁን ትልልቆቹ ድርጅቶች 1,800 እና 2,000 ሰአት መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ሂሳቡን ራሳችሁ ስሩት፣ 1,800ን ለ48 ሳምንት ስታካፍሉት በሳምንት 37 ሰአት ተኩል ይመጣል፣ ቀላል ይመስላል፣ ግን ይሄ ደንበኛ የሚከፍልበት ሰአት ብቻ ነው። ስብሰባ፣ ስልጠና፣ የቢሮ ኢሜይል፣ የጠፋ ፋይል ፍለጋ አይቆጠርም። እኔ ቢሮ 10 ሰአት ቆይቼ 7 ከመዘገብኩ ጥሩ ቀን ነው የምለው።

እዚህ ላይ የሰራሁትን ስህተት ልንገራችሁና እናንተ አትድገሙት። የመጀመሪያ ሶስት ወር አንድ ሜሞ (ለአንድ የሕግ ጥያቄ በጽሁፍ የሚሰጥ ትንተና) 9 ሰአት ከወሰደብኝ 5 ብዬ ነበር የምመዘግበው፣ ሌላ ሰው ቢሆን በ4 ይጨርሰው ነበር ብዬ ስለማስብ። የሚያሰራኝ ፓርትነር (የድርጅቱ ባለድርሻ ጠበቃ) አንድ ቀን ጠርተው ጠየቁኝ፣ «ይሄን ሁሉ በ5 ሰአት ነው የሰራሽው?» አሉኝ፣ እውነቱን ነገርኳቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር። «መቀነስ የኔ ስራ ነው፣ ያንቺ ስራ እውነቱን መጻፍ ነው፣ አንቺ 5 ካልሽ እኔ ለሚቀጥለው ደንበኛ ይሄ ስራ 5 ሰአት ይበቃዋል ብዬ ዋጋ እሰጣለሁ፣ ከዛ ካንቺ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ ነው የሚያልቅበት» አሉኝ። ሰአቴን ስደብቅ የምጎዳው ራሴን ብቻ ይመስለኝ ነበር እኮ። በተቃራኒው ደግሞ ያልሰሩትን ሰአት መጨመር አለ፣ እሱ ግልጽ ማጭበርበር ነው፣ ሰው ፈቃዱን ያጣበታል፣ ስለሱ ብዙ ማውራት አያስፈልግም።

እና አሁን ዋናው ነገር። ሁለት ሲኒየሮች ጋር ነው የሰራሁት፣ ሁለቱም ጎበዝ ጠበቆች ናቸው፣ በችሎታ አይበላለጡም። የመጀመሪያው ጋር ስድስት ወር ቆየሁ። ድራፍት እልክለታለሁ፣ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይመልሳል፣ ከዛ ለደንበኛው የሄደውን ኮፒ ላይ ሳይ የኔ ሆኖ የተረፈው ቀኑና የደንበኛው ስም ነው። ሁሉንም ራሱ እንደገና ጽፎታል። መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ቁጭ ብሎ ከሚያስረዳኝ ራሱ ቢጽፈው ይፈጥንለታል። እኔ ግን ስድስት ወር ሙሉ የት ጋ እንደምሳሳት ሳላውቅ ያንኑ ስህተት ስደግም ኖርኩ። ማታ ማታ የኔን ፋይልና የሱን ጎን ለጎን ከፍቼ ኮምፔር እያደረግኩ ለምን እንደቀየረው ለመገመት እሞክር ነበር፣ አንዳንዱን አገኘዋለሁ፣ አብዛኛው ግን ምክንያቱ ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

ሁለተኛዋ ጋር ስሄድ የመጀመሪያ ሜሞዬን 9 ገጽ ጽፌ ሰጠኋት። ጥያቄው አጭር ነበር፣ ደንበኛችን አቅራቢው እቃ ስላዘገየበት ውሉን ማፍረስ ይችላል ወይ አይችልም። እኔ የውል ሕግ አጠቃላይ መርህ፣ የመፍረስ አይነቶች፣ የዳኞች አመለካከት እያልኩ ተነስቼ ነው የጻፍኩት። ፕሪንት አድርጋ፣ በቀይ እስክሪብቶ ሞልታ፣ «ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ።

«መልሱ የታለ?» አለችኝ።

«ገጽ 7 ላይ።»

«ደንበኛው ገጽ 7 ድረስ የሚመጣ ይመስልሻል? ስልኩን ይዞ መጋዘን በር ላይ ቆሞ ነው የሚያነበው፣ ሾፌሩን እቃውን ተቀበል ወይስ መልስ ልበለው ነው የሚልሽ።»

ከዛ ገጽ 7 ላይ ያለችውን አንዲት አረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ከበበቻት፣ ቀስት ስባ ገጽ 1 አናት ላይ አደረገቻት። «ማፍረስ ይችላል፣ ግን መጀመሪያ የ15 ቀን የጽሁፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፣ እስከዛ እቃው ከመጣ መቀበል ግዴታው ነው» የምትል አረፍተ ነገር ነበረች። ስር ደግሞ «ምናልባት ሊሆን ይችላል ተብሎ ይታሰባል» ብዬ የጻፍኩትን ሶስት ቦታ ሰርዛ አንዱ ጎን «ታውቂያለሽ ወይስ አታውቂም? ካላወቅሽ ምኑን እንዳላወቅሽ ጻፊ» ብላለች። ወደ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። ያን ወረቀት እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለኝ። ከዛ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ መልሱ አናት ላይ ነው ያለው፣ ኢሜይል ሳይቀር።

ይሄን ያነሳሁት እሷን ለማመስገን ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ታይምሺቷን ስትሞላ ጎኗ ነበርኩ፣ እኔን ያስተማረችበትን ደቂቃ «ስልጠና፣ የማይከፈል፣ 0.5» ብላ መዘገበችው። አመቱ መጨረሻ ላይ ሲገመገሙ የመጀመሪያው ሲኒየር ከሷ በጣም በልጦ ታየ፣ ምክንያቱም እሱ ጀማሪ ለማስተማር የሚያጠፋው ሰአት የለም። ሰው ያፈራችው እሷ ናት፣ ቁጥሩ የሚያሳየው ግን እሱን ነው። አንድ ሙሉ ኮከብ የቀነስኩት እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ ዌብሳይቱ ላይ ወጣቶችን እናበቃለን ብሎ ጽፏል፣ ማብቃቱ ግን ቁጥር ውስጥ የለም፣ በአንድ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ ነው የቆመው። እሷ ነገ ስራ ብትቀይር ቀጥሎ የሚገባው ተመራቂ ምን እንደሚገጥመው እኔ አይቼዋለሁ፣ ስድስት ወር ኖሬበታለሁ።

ኮከብ ያስጨመረልኝን ደግሞ ልናገር፣ ምክንያቱም ፍትሃዊ መሆን አለብኝ። ስምንተኛው ወር ላይ ለተቃራኒው ወገን ጠበቃ የውል ድራፍት ስልክ ክሊን ኮፒው መስሎኝ የውስጥ ኮሜንት ያለበትን አያይዤ ላኩት። እኛ ለክፍያ 60 ቀን ነበር የጠየቅነው፣ ኮሜንቱ ላይ ደግሞ «ደንበኛው 30 ቀንም ይበቃዋል» ይላል። ሴንድ ካልኩ በኋላ የፋይሉን ስም ሳየው እጄ ቀዘቀዘ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሳልነቃነቅ ቀረሁ፣ ዝም ብል ምናልባት ላያዩት ይችላሉ የሚል ሀሳብ መጣብኝ፣ እውነቱን ለመናገር መጥቷል። ከዛ ተነስቼ ፓርትነሩ ቢሮ ገባሁና «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብዬ ነገርኳቸው። ሰውየው ያደረጉትን ሳልረሳው እኖራለሁ። አልጮሁም። ስልክ አንስተው ለተቃራኒው ጠበቃ ደወሉ፣ በስህተት ሚስጥራዊ ሰነድ ደርሶሃል፣ ሳትከፍተው አጥፋልኝ አሉት፣ ከዛ በጽሁፍ አረጋገጡ፣ ከዛ ለደንበኛው ራሳቸው ደውለው ያለውን ሁሉ ነገሩት፣ የኔን ስም ሳይጠሩ «ከቢሮአችን ስህተት ተፈጥሯል» ብለው። ድርድሩ 45 ቀን ላይ አለቀ፣ ያኛው ወገን ኮሜንቱን አይቶት ይሁን አይሁን አናውቅም። በነጋታው አንድ ደንብ ወጣ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ድራፍት ሁሉ ሁለተኛ ሰው ከፍቶ ሳያየው አይላክም የሚል፣ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለፓርትነሮቹም ጭምር። ስህተቱን ሰው ላይ ለጥፈው ሳይሆን አሰራሩ ላይ ያለውን ቀዳዳ ደፍነው ነው የጨረሱት። ጓደኛዬ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት ሁሉም ሲሲ በተደረገበት ኢሜይል ነው የተዘለፈችው፣ ከዛ ወዲህ እዛ ቢሮ የሚሳሳት ሰው ይደብቃል አለችኝ፣ መሳሳት ግን አልቀረም።

ፍርድ ቤት መሄድን በተመለከተ ብዙ ልጅ የሚጠብቀው ነገር ስለሆነ በአጭሩ፦ መጀመሪያ ላይ አትናገሩም። ፋይል ትይዛላችሁ፣ ተራ ትጠብቃላችሁ፣ ግማሽ ቀን ጠብቃችሁ ጉዳያችሁ አምስት ደቂቃ ታይቶ ይቀጠራል። ግን ዳኛው ያልተጠበቀ ጥያቄ ሲጠይቁ ሲኒየሩ ምን እንደሚያደርግ እዩ። የኛዋ አንዴ የማታውቀውን ቀን ተጠየቀች፣ ወደኔ ዞር አለች፣ ማስረጃዎቹን በቁጥር ታብ አድርጌ ስለነበር በሰከንድ ገልጬ ሰጠኋት፣ አነበበችው፣ አለቀ። ያቺ ታብ ማድረግ ከአንድ ቀን በፊት ሶስት ሰአት ፈጅታብኛለች፣ ያን ቀን ግን ክርክሩ ውስጥ ነበርኩ ማለት እችላለሁ።

ሰአቱ ላይ አትዋሺን ትሉኛላችሁ፣ አልዋሽም። ብዙ ነው። ግን እኔን የጎዳኝ ብዛቱ ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። አንድ ትልቅ ስምምነት ሊዘጋ ሲል ሁለት ሳምንት እስከ ለሊት መስራት ይቻላል፣ ሁሉም ሰው አለ፣ ማለቂያው ይታወቃል፣ እንደውም ደስ ይላል። የማይቻለው አርብ ማታ ልትወጡ ቦርሳ ይዛችሁ «ይቺ ለሰኞ ጠዋት ትድረስ» የምትባለዋ ናት፣ ከዛ ኢሜይሉን ወደ ታች ስትወርዱት ደንበኛው የላከው ማክሰኞ ነው። ሶስት ቀን ሙሉ የአለቃ ኢንቦክስ ውስጥ ተኝታ የኔን ቅዳሜና እሁድ በላች ማለት ነው። የእህቴ ምርቃት ላይ ያልተገኘሁት በዚህ ነው። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም፣ ጀማሪው ምንጊዜም አለ ብሎ ማሰብ ልማድ ሆኖ ነው፣ ግን የምርቃት ቀን አይመለስም። ሌላውን ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት በዚህ ነው። ይሄ የኔ ብሶት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ2016 የታተመ ወደ 12,800 የሚሆኑ የአሜሪካ ጠበቆችን የጠየቀ ጥናት 28 በመቶው የድብርት ምልክት እንዳላቸው፣ 20.6 በመቶው ደግሞ አደገኛ የመጠጥ ልማድ ውስጥ እንደሆኑ አግኝቷል፣ መጠጡ በጣም የሚበረታው ደግሞ ስራ ከጀመሩ 10 አመት ባልሞላቸው ላይ ነው። እኔ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ለሲኒየሬ ነገርኳት፣ አንድ ፋይል ከላዬ ላይ አነሳችልኝ። እባካችሁ ስትደክሙ ለሚሰማችሁ ሰው ተናገሩ፣ ሁሉም ሰው ይችለዋል እኔ ብቻ ነኝ ያቃተኝ ብላችሁ አትቀመጡ።

ስለ ኤአይ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ቢሮአችን ይጠቀማል፣ ረጅም ሰነድ ማጠቃለል ላይ፣ ብዙ ውል ውስጥ አንድ አይነት አንቀጽ መፈለግ ላይ ይረዳል። ግን አንድ ጥብቅ ደንብ አለን፣ የተጠቀሰ ፍርድ ሁሉ ዋናው ሰነድ ተከፍቶ ሳይነበብ ወረቀታችን ላይ አይገባም። በ2023 ኒውዮርክ ላይ አየር መንገዱን አቪያንካን የከሰሰ ሰው ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ የትም የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው ለዳኛ አስገብተው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል፣ ከገንዘቡ በላይ ስማቸው ነው የጠፋው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አንደኛ አመቴ ላይ ለአንድ ግዢ ወደ 600 የሚሆን ውል አንብቤ ካምፓኒው ባለቤት ሲቀየር ውሉ ይፈርሳል የሚል አንቀጽ ያለበትን ለይቻለሁ፣ አሰልቺ ነበር፣ ግን መቶኛው አካባቢ ስደርስ ጥሩ ውልና መጥፎ ውል ሳይነግሩኝ መለየት ጀመርኩ። ያን ንባብ ማሽን ከወሰደው ቀጣዮቹ ልጆች አይናቸውን የት ነው የሚያሰለጥኑት? ድርጅቶቹ ይሄን አሁኑኑ ሊያስቡበት ይገባል፣ ምክንያቱም በስድስት አመት ውስጥ ሲኒየር ሆኖ ማሽኑ የጻፈውን የሚያርመው ያ ልጅ ነው።

ኢንተርቪው ላይ ምን ልጠይቅ ለምትሉ፣ ስለ ቢሮው ዝና አትጠይቁ፣ እሱን ዌብሳይቱ ላይ ታገኙታላችሁ። «የምጽፈውን ማን ነው የሚያነበው?» በሉ። በስም ከነገሯችሁ ጥሩ ነው፣ «ሁላችንም በራችን ክፍት ነው» ካሏችሁ ማንም አያነበውም ማለት ነው፣ በኔ ልምድ። ቀጥሎ ጀማሪ ማሰልጠን ግምገማ ላይ ይቆጠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሲኒየሮቹን የሚያስደነግጥ ጥያቄ ነው፣ ግን ፊታቸው ላይ መልሱን ታያላችሁ። ከተቻለ ደግሞ ከናንተ ሁለት አመት ቀድሞ የገባ ሰው ለብቻው አግኙና መጨረሻ ጊዜ በእስክሪብቶ የታረመ ድራፍት መቼ እንደተመለሰለት ጠይቁት፣ የሱ መልስ ከሁሉም ይበልጣል።

እኔ አልለቅም ለጊዜው። ሲኒየሬ እዛው ናት፣ የአርቡን ነገር በተመለከተም ባለፈው ስብሰባ ላይ አንስቼዋለሁ፣ ከሐሙስ በኋላ የሚመጣ ስራ ደንበኛው መቼ እንደላከው አብሮ ይጻፍ የሚል ሀሳብ አቅርቤ ሁለት ፓርትነር ደግፎኛል፣ እስካሁን አልጸደቀም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አዲስ ተመራቂ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። የመጀመሪያ ሜሞዋን ትናንት ሰጠችኝ፣ 11 ገጽ ነው፣ መልሱ ገጽ 8 ላይ ነው። ፕሪንት አድርጌ፣ አንብቤ፣ ወንበር ስቤላት ግማሽ ሰአት አወራን። ማታ ታይምሺቴን ስሞላ «ስልጠና፣ የማይከፈል፣ 0.5» ብዬ ጻፍኩ።